ያውቁ ኖሯል? ከጋን ወደ ኬግ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ማክሰኝት ይደርሳሉ። የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ዝናቧም በጉማራ ወንዝ አድርጎ ጣና ይገባል። ጠላ በዚህ አገር የአውዳመትም የዘወትርም መጠጥ ነው። እዚህ ወይም ሌላ ቦታ ሆነው ቤትዎ የጠመቁትን ቢራ በግሮሰሪ እንደሚያዩት የድራፍት በርሜል፣ ማለትም በኬግ፣ ማስቀመጥ ካማርዎ የዛሬው አምድ ለእርስዎ ነው።

*

ጋንና ኬግ ዋናው ልዩነታቸው ጭቃና ብረት መሆናቸው እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ልዩነቱ የሚታየው ሲቀዳላቸው ነው። ከጋን አንድ ጣሳ ጠላ ሲወጣ በቦታው አንድ ጣሳ አየር ይገባል። ከኬግ አንድ ብርጭቆ ሲወጣ ግን በቦታው የሚገባው ከጋዝ ሲሊንደር የሚመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በአየር ውስጥ ኦክስጅን አለ፤ ኦክስጅን ሲያገኙ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩ ባክቴሪያዎችም አሉ። ጠላ ጋኑ ከተከፈተ ከአምስት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት ውስጥ እየኮመጠጠ የሚሄደው በእነዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ዓምድ የሚቀርበው ሌላው ሁሉ፣ ጋዙም ጎማውም ቧንቧውም፣ ይህን አንድ ነገር ለማሟላት የተሠራ ነው።

*

የጋን አፍ በጭቃ የሚመረገው ለዚሁ ነበር። ቀድሞ የጠመቁ እናቶች ስለ ባክቴሪያ ማንም ሳይነግራቸው አየርን መከልከል እንደሚያስፈልግ ደርሰውበታል። ይሁን እንጂ ሸክላ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ምርጊቱም ግፊት አይችልም። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ቀስ እያለ ያመልጣል። ጠላ እንደ ቢራ ጋዝ የማይኖረው፣ ብርጭቆ ላይ አረፋው የማይቆየው፣ የጠማቂዋ ጉድለት ሆኖ ሳይሆን ዕቃው ጋዝ ስለማይይዝ ነው።

*

ሸክላም የራሱ ብልጫ አለው። ላብ የሚያወጣ ጋን ውኃው ሲተንን ይቀዘቅዛል። ብረት ይህን አያደርግም። ፍሪጅ በሌለበት ወይም መብራት በጠፋበት ቀን ኬጉን በረጠበ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማቆም የሸክላውን ጠባይ ለብረቱ ማበደር ነው። በበጋ በደንብ ይሠራል፤ በክረምት አየሩ ራሱ ርጥብ ስለሆነ ብዙ አይጠብቁ።

*

በዓለም ዙሪያ ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዝነኛው ኬግ ለቢራ እንዳልተሠራ ያውቁ ኖሯል? ለለስላሳ መጠጥ ነው የተሠራው። ፔፕሲና ኮካ ኮላ የጣፈጠውን ሽሮፕ ለየመጠጥ ቤቱ የሚያደርሱት 19 ሊትር ገደማ በሚይዝ ረዥም የስቴንለስ ዕቃ ነበር፤ ከአምራቾቹ በአንዱ ስም ኮርኔሊየስ ይባላል፣ ጠማቂዎች አሳጥረው ኮርኒ ይሉታል። በኋላ ኩባንያዎቹ ሽሮፑን በካርቶን ውስጥ ባለ ፕላስቲክ ከረጢት ማቅረብ ሲጀምሩ ዕቃው በየመጋዘኑ ተከመረ፤ የቤት ጠማቂዎችም በርካሽ አነሱት። ዛሬም ያገለገለ ኮርኒ ከገዙ የመጀመሪያው ሥራዎ ጎማዎቹን መቀየር ነው፤ አለበለዚያ ቢራዎ የለስላሳው ሽታ ሊኖረው ይችላል።

*

የፔፕሲ ኬግ ማያያዣ በብረት ኳሶች፣ የኮካ ደግሞ ጎኑ ላይ በወጡ ካስማዎች ይቆለፋል። ሁለቱ አይገጣጠሙም። የአንዱን ኬግ ከሌላው ማያያዣ ጋር የገዛ ሰው ሁለቱንም ታቅፎ ይቀራል።

*

19 ሊትር ስንት ነው? እያንዳንዱ ቤት ከሚያውቀው 20 ሊትር ጀሪካን ትንሽ ያንሳል። 330 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ቢከፋፈል 57 ጠርሙስ ይሞላል። ኬግን ከሁሉ በላይ ያስወደደው ይህ ይመስለኛል፤ 57 ጠርሙስ ማጠብ፣ ማምከን፣ መሙላትና መክደን ቀርቶ አንድ ዕቃ ማጠብ። በየግሮሰሪው የሚያዩት የፋብሪካ በርሜል ግን ሌላ ነው፤ ክዳኑ አይከፈትም፣ ብዙውን ጊዜ 30 ወይም 50 ሊትር ይይዛል፣ ንብረትነቱም የፋብሪካው ነው። ለጀማሪ አይመከርም፤ እጅዎ ገብቶ ሊያጥበው አይችልም።

*

ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ ኮርኒ ኬግ ደግሞ በአምስት የጎማ ቀለበቶች። አንዱ ትልቁ ክዳኑ ላይ ነው፤ ሁለቱ ጋዝ መግቢያውና ቢራ መውጫው ላይ፤ ሁለቱ ደግሞ ከእነርሱ ሥር በገቡት ቱቦዎች ላይ። ከአምስቱ አንዱ ቢላላ አንድ ሙሉ ሲሊንደር ጋዝ በአንድ ሌሊት ባዶ ሊሆን ይችላል። መፈተሻው ሁላችንም ለማብሰያ ጋዝ የምናደርገው ነው፤ የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚንፈቀፈቀውን ቦታ መፈለግ። አዲስ ክዳን ሲገጥሙ በመጀመሪያ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይስጡት፤ ጎማው ቦታውን የሚይዘው ሲገፋ ነውና።

*

አሁን ማክሰኝትን በተለይ ወደሚመለከተው እንምጣ።

ከውጭ የሚመጡ የኬግ መመሪያዎች ሁሉ አንድ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ቢራው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ሬጉሌተሩን፣ ማለትም የሲሊንደሩን የግፊት መቆጣጠሪያ፣ 12 ፒኤስአይ ላይ አድርግ፣ በቂ ጋዝ ይገባዋል ይላል። ያ ሠንጠረዥ የተሠራው ባሕር ወለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። የጣና ወለል ራሱ ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ማክሰኝት ከዚያ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ 1,900 ሜትር አካባቢ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሬጉሌተር የሚያሳየው በኬጉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ ቢራው ግን የሚያውቀው ጠቅላላውን ግፊት ነው። ስለዚህ መመሪያው 12 ካለ ማክሰኝት ላይ 15 ማድረግ አለብዎት። ሕጉ ቀላል ነው፤ በየ600 ሜትሩ አንድ ፒኤስአይ መጨመር። አዲስ አበባ ያለ ጠማቂ ቦታው ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ አራት ይጨምራል። ይህን ያላወቀ ሰው ቢራዬ ለምን ሞተ እያለ እርሾውን ይረግማል።

እግረ መንገድዎን ይህንንም ይያዙ፤ በዚሁ ምክንያት ማክሰኝት ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ዕቃ በፈላ ውኃ ለማምከን ያሰበ ትንሽ ታግሶ ያቆየው።

*

ጋዝ ቅዝቃዜ ይወዳል። ያው ቢራ 4 ዲግሪ ላይ በ12 ፒኤስአይ የሚይዘውን ጋዝ 20 ዲግሪ ላይ ለመያዝ 28 ገደማ ይጠይቃል። የሞቀ ለስላሳ ሲከፈት የሚገነፍለውም ከዚህ የተነሣ ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ሬጉሌተሩን አስተካክሎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መተው ጥሩው መንገድ ነው። የቸኮለ ግፊቱን ወደ 30 አድርጎ ኬጉን እያንከባለለ በአንድ ሁለት ቀን ይጨርሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጋዙ በዝቶበት ብርጭቆው አረፋ ብቻ ይሆናል።

*

የጋዝ ሲሊንደር ጨርሶ ሳይገዙ ኬግ መጠቀም እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? እርሾ ራሱ የጋዝ ፋብሪካ ነው። አንድ ግራም ስኳር ሲበላ ግማሽ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የቀረው ወደ አልኮል ይሄዳል። ጠማቂዎች ጋዝን የሚለኩት በቮልዩም ነው፤ አንድ ሊትር ቢራ ውስጥ አንድ ሊትር ጋዝ ሲሟሟ አንድ ቮልዩም ይሉታል። ለአንድ ቮልዩም በሊትር 4 ግራም ስኳር ይበቃል። መደበኛ ቢራ ሁለት ተኩል ገደማ ይይዛል፤ ፍላቱን የጨረሰ ቢራ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ቮልዩም ትንሽ ያነሰ ቀድሞ ይገኛል። ስሌቱን ለእርስዎ እተወዋለሁ፤ በአንድ ኬግ አንድ የሻይ ብርጭቆ ስኳር አካባቢ ይደርሳል። ችግሩ አንድ ነው፤ ግፊቱ የመጀመሪያዎቹን ብርጭቆዎች ያስወጣል፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚገፋ ያጣል። ድግስ ላይ በአንድ ቀን የሚያልቅ ከሆነ በእጅ ፓምፕ አየር ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ኬግዎ ጋን ሆነ ማለት ነው፣ ቢራውን ለነገ አያሳድሩት።

*

ኮረፌን የሚያውቁ ጎንደሬዎች ይህን ዘዴ ሲሰሙ አዲስ አይሆንባቸውም። ኮረፌ በቀድሞው በጌምድር፣ በተለይ በቅማንት ዘንድ የታወቀ ጠላ መሰል መጠጥ ነው። የተፈተገው ገብስ ውኃ ውስጥ ያድርና ይቆላል፣ ይፈጫል፤ ከውኃና ከደረቅ የጌሾ ቅጠል ጋር ተደባልቆ በሸክላ ዕቃ ለሁለትና ሦስት ወር ይቀመጣል። መጠጡ የሚፈለግበት ቀን ሲደርስ ከወፍራሙ ድፍድፍ ትንሽ ተቀንሶ ውኃ ይጨመርበትና አንድ ቀን ይፈላል፤ በማግስቱ ይጠጣል።

ልብ ይበሉ፤ ጋኑ ሁሌም ተዘግቶ ይቆያል፣ ለመጠጥ የሚበቃው ብቻ ይወጣል፣ የመጨረሻው ፍላት የሚካሄደውም ከመጠጣቱ በፊት ባለው ቀን ነው። ፋብሪካው በብረትና በሲሊንደር የሚያገኘውን ትኩስነት ኮረፌ በጊዜ አሰላለፍ ያገኘዋል። በእኔ ግምት ይህ ከማንኛውም የኬግ መመሪያ በላይ የሚያስደንቅ ነው፤ እንዲያውም ያ የአንድ ቀን ፍላት በተዘጋ ኬግ ውስጥ ቢካሄድ ኮረፌ ብርጭቆ ላይ ምን ይመስል ይሆን?

*

ጠላን በኬግ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መጣራት አለበት። የኬጉ መውጫ ቱቦ ጫፍ የሚቀመጠው ከታች ወለሉ ጋ ነው፤ የጌሾው ገለባና የብቅሉ አተላም የሚሰበሰበው እዚያው። በአዲስ አበባ የተጣራ ጠላ የሚሸጡ ቤቶች ዝቃጩን አስቀድመው ስለሚያስወግዱ ለዚህ ይቀርባሉ። ሌላው መፍትሔ በፈሳሹ ላይ የሚንሳፈፍ ለስላሳ ቱቦ ነው፤ ከላይ ከጠራው ይቀዳል። ሁለተኛ፣ ጠላ ፍላቱን ሳይጨርስ ከታሸገ በውስጥ የሚከማቸውን ግፊት መቆጣጠር ያስፈልጋል። ጠላ ሞልቶ በጥብቅ የተከደነ ጀሪካን ሲነፋ ያየ ሰው ጉዳዩን ያውቀዋል። ኮርኒ ኬግ ክዳኑ ላይ ማስተንፈሻ አለው፤ ብርጭቆ ጠርሙስ ግን የለውም፤ እንዲያ ያለ ጠርሙስ ሲፈነዳ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል።

*

ፍላት ማለቁን በዓይን አይፍረዱ። ሃይድሮሜትር የሚባለው ተንሳፋፊ መለኪያ በሦስት ቀን ልዩነት አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ አልቋል።

*

የጠላን ፍላት ማን እንደሚመራው በእኛው አገር ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እርሾውና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹ በየደረጃው እንዴት እንደሚፈራረቁ መዝግቧል። ዋናው እርሾ የዳቦና የፋብሪካ ቢራም እርሾ የሆነው ሳካሮማይሰስ ሰረቪሲዬ ነው። መራራነቱን የሚሰጠው ደግሞ ከጌሾ የሚገኘው ጌሾይዲን ነው፤ ቢራ ፋብሪካዎች ለዚሁ ሥራ ሆፕስ ያስመጣሉ። ጌሾን ከሆፕስ ጋር አብሮ የሚሞክር የቤት ጠማቂ ካለ ጥቂት ቅጠል ይበቃዋል፤ መራራው ቶሎ ይበረታል።

*

ጋን በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ከዚያ በፊት በግራዋ ቅጠል ይፈገፈጋል። ጭስ ተሕዋስያንን የሚያዳክሙ ውሕዶች አሉት፤ ስለዚህ ማጠን ለሽታ ብቻ አይደለም። ስቴንለስ ግን ጭስ አይጠጣም፤ ቢያጥኑት በመጀመሪያው እጥበት ይለቅቃል። የወይራውን ጠረን የሚወድ ሰው የሚያዋጣው መጠጡን በታጠነ ጋን አፍልቶ ካለቀ በኋላ ወደ ኬግ ማዛወር ነው።

*

በረኪና የኬግ ጠላት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ለሽንት ቤቱም ለልብሱም ለዕቃውም የምናነሣው እርሱን ነው። በውስጡ ያለው ክሎሪን ግን የስቴንለስን መከላከያ ገጽ ይበላል፤ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ይፈጥራል፤ ባክቴሪያም እዚያ ይደበቃል። ሻካራ የብረት መፈግፈጊያም እንዲሁ ይቧጭረዋል። ለስላሳ ስፖንጅ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ክሎሪን የሌለው ማጠቢያ፣ ከዚያም ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ ማምከኛ።

ማምከኛውን እንዳይደፉት። ኬጉን በእርሱ እስከ አፉ ሞልተው ክዳኑን ይግጠሙ፤ ከዚያ በጋዝ ግፊት በመውጫው በኩል ወደ ሌላው ኬግ ይግፉት። ፈሳሹ ሲወጣ በቦታው የሚቀረው ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ኬጉ ያለ አየር ቢራውን ይጠብቃል። ከላይ ትንሽ ጋዝ ነፋ አድርጎ አየሩ ወጣ ብሎ ማመን ራስን መሸንገል ነው፤ ጋዞች ይደባለቃሉ።

*

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ላይ ያለው ጌጅ ስንት እንደቀረ አይነግርዎትም። ውስጡ ያለው በአብዛኛው ፈሳሽ ስለሆነ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ እያሳየ ይቆያል፤ ከዚያ በድንገት ይወርዳል። የቀረውን ማወቅ የሚፈልግ ሲሊንደሩን በሚዛን ያስቀምጥ፤ ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተቀርጿል። የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ጋዙ አንድ ነው ብለው እንዳይጠቀሙ፤ ለምግብ ንጽሕና አልተሞላም።

ሲሊንደሩን ጠባብና የተዘጋ ክፍል ውስጥም አያሳድሩ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ሽታ የለውም፤ ካፈተለከ ዝቅ ባለው ቦታ ይሰበሰባል፤ ወለል ላይ የተኛ ሰው ሳያውቀው ይታፈናል።

*

ቢራ መቅጃው ቱቦ አጭር ከሆነ ለምን አረፋ ብቻ ይወጣል? ግፊቱን የሚያበርደው በቱቦው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ስለሆነ ነው። ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ለ12 ፒኤስአይ ሁለት ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከፍ ብለን ማክሰኝት ላይ 15 ማድረግ አለብዎት ብለናል፤ እንግዲያው ቱቦውም ትንሽ ይርዘም። በየሁለት ሳምንቱ ካልታጠበ ቱቦው ይኮመጥጣል፤ በከተማ ድራፍቱ ተበላሸ ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙዎቹ የቱቦ ጥፋት እንጂ የበርሜል አይደሉም።

*

የጎንደሩ ዳሸን ቢራ ፋብሪካ ከተከፈተ ከሁለት ዐሥርት በላይ ሆኖታል፤ ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያው ከተማ የብቅል ፋብሪካም ስላለ የቤት ጠማቂ የሚፈልገው የቢራ ብቅል ከሩቅ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሴቶች ቤት የሚያበቅሉት ብቅልም ቢራ ይወጣዋል፤ ቀለሙና ጥራቱ ግን በየጊዜው ይለያያል። ዳጉሳም ለሚሞክር ይሠራል፤ አውሮፓውያን ዕፀዋት አጥኚዎች በአንድ ወቅት ዳጉሳን በሳይንስ ስሙ ኤሉሲኔ ቶኩሳ ብለውት ነበር፤ ስሙን ከእኛው ወስደው።

*

በዚህ አገር ቢራ ለብዙ ሰው ማቅረብ ጥንታዊ ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ድል አድርጎ ወደ ሌላ ቦታ ያሰፈራቸውን ቤጃዎች በመንገድ ላይ እንጀራና ሥጋ እንዳበላቸው፣ ቢራ፣ ወይንና ውኃ እንዳጠጣቸው ይናገራል። በምን ዕቃ እንደተጓዘ አልጻፈም፤ ያን ያህል ሰው ያጠጣ ግን በጣሳ አልተሸከመውም።

*

አሜሪካኖች ቤታቸው ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ሕግ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከፈረሙ በኋላ ነው። የጎንደር ባለ ጋኖች በዚያን ጊዜ ስንት ዘመን ጠምቀው ነበር! በእኛ በኩል ያለውን ሕግም ይወቁ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል።

*

ከአዲስ ኬግ የሚወጣው የመጀመሪያው ብርጭቆ ድፍርስ ይሆናል፤ ከታች የተኛውን እርሾ ነው የሚያወጣው። ይድፉት፣ አይደንግጡ፤ ሁለተኛው ይጠራል። ኬጉ ሲያልቅ ደግሞ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት የጋዙን መስመር ነቅለው ማስተንፈሻውን ይሳቡ፣ ድምፁ እስኪያቆም ይጠብቁ። ወዲያው ካልሞሉት ታጥቦ፣ ታሽጎ፣ ጥቂት ጋዝ ውስጡ ቀርቶ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ማስተንፈሻውን ሲስቡ ፍሽሽ የሚል ድምፅ ካሰማ ጎማዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ጸጥ ካለ አንዱ ቀለበት መቀየር አለበት።